በረሃ የሚያሻግረው ሕግ ለካምፓላ ጎዳና

እሁድ ማለዳ፣ ካምፓላ በመኪና ሳትታፈን፣ የጂንጃን መንገድ ይዞ ወደ ምሥራቅ የሚወጣ የሞተረኞች ክለብ ከሩቅ ይለያል። ሞተሮቹ ጎን ለጎን አይነዱም፤ አንዱ ወደ መንገዱ መሃል፣ ተከታዩ ወደ ዳር ጠጋ ብሎ፣ ሦስተኛው እንደገና ወደ መሃል፣ ተሰባጥረው ይሄዳሉ። ከፊት መንገዱን የሚያውቅ መሪ አለ። ከሁሉ በስተኋላ ደግሞ መለዋወጫና የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥን የጫነ፣ ማንንም የማይቀድም ደጀን ይከተላል። ልምድ የሌላቸው አዲስ ገቢዎች ወደ ጭራ አይጣሉም፤ ከመሪው ጀርባ ይሰለፋሉ። በዚያው ሰዓት፣ በዚያው አስፋልት ላይ፣ የሕንድ ሥሪት የሆነች አንዲት ቦክሰር ሞተር ሁለት ተሳፋሪና አንድ ዘለላ ማቶኬ የሚባል የምግብ ሙዝ ጭና፣ ሾፌሩም ተሳፋሪዎቹም ሄልሜት ሳያደርጉ፣ በመኪኖቹ መሃል ሾልካ ታልፋለች። የመጀመሪያው ጓድ ከቀናት በኋላ የሰሜን ኬንያን በረሃ አቋርጦ ሙሉ ቁጥሩን ይዞ ሊመለስ ይችላል። ሁለተኛው ሞተረኛ ግን ከቤቱ በጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ሆኖ እንኳ ማታ በሰላም ለመግባቱ ዋስ የለውም። ብዙ ሰው ልዩነቱን በሞተሩ ዋጋና በባለቤቱ ኪስ ያስረዳዋል። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። በረሃውን የሚያሻግረው ዋናው ነገር ሞተሩ ሳይሆን ጓዱ እርስ በርሱ የገባው ግዴታ ነው፤ ያ ግዴታ ደግሞ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ፣ ወደ ከተማ ሊገባ የሚችል ነገር ነው።

ከካምፓላ ወደ በረሃ የሚያወጡት መንገዶች ጥቂት ናቸው። አንደኛው ከአገር ሳይወጡ በምባሌና በሶሮቲ በኩል ወደ ካራሞጃ፣ እስከ ሞሮቶ ይዘልቃል፤ ካራሞጃ ሙሉ በረሃ ባይባልም ደረቅ፣ እሾሃማና የከብት አርቢዎች አገር ነው። ሁለተኛው በኤልጎን ተራራ ሰሜናዊ ትከሻ ላይ ከካፕቾርዋ እስከ ሱአም ድንበር ያለውን 73 ኪሎ ሜትር ይዞ ወደ ኪታሌ ይሻገርና ከዚያ ወደ ሎድዋርና ወደ ቱርካና ሐይቅ ቁልቁል ይወርዳል። ማለዳ በደጋ ብርድ ጃኬቱን እስከ አንገቱ የቆለፈ ሞተረኛ ከሰዓት በኋላ በቆላ ሐሩር ውስጥ ራሱን ያገኘዋል። ሦስተኛውና ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የቀረበው መንገድ በማላባ ወይም በቡሲያ ድንበር ወደ ኬንያ ገብቶ፣ በናኩሩና በናንዩኪ አልፎ፣ ከኢሲዮሎ ወደ ማርሳቢትና ወደ ሞያሌ የሚሄደው ነው። ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አስፋልቱ ሳይነጠፍ በፊት ይህ መንገድ የተሽከርካሪ ማድቀቂያ ነበር፤ የጭነት መኪኖች ሽፍታ ፈርተው በታጠቀ አጀብ፣ ተሰብስበው ነበር የሚያልፉት። እ.ኤ.አ. በ2007 ተዋናዩ ዩዋን ማክግሬጎርና ጓደኛው ቻርሊ ቡርማን ከስኮትላንድ እስከ ኬፕታውን ባደረጉት የሞተር ጉዞ ኢትዮጵያን ጨርሰው ወደ ኬንያ ሲገቡ ያገኙት ያንን አሮጌ መንገድ ነው፤ ከዚያም ዑጋንዳ ገብተዋል። ዛሬ ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ ጥቁር አስፋልት ተዘርግቷል። በኅዳር 2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኬንያ መሪዎች ሞያሌ ላይ የጋራ የድንበር መቆጣጠሪያ ጣቢያ መርቀዋል። ድንበሩን ለሚሻገር የሞተር ጓድ ከኬላው ይልቅ የሚያሰጋው ሌላ ነገር ነው፦ ዑጋንዳና ኬንያ በግራ ይነዳሉ፣ ኢትዮጵያ ግን ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ በቀኝ ትነዳለች። ስለዚህ ሞያሌ ላይ የጓዱ ሰልፍ በሙሉ ይገለበጣል፤ ወደ መንገዱ መሃል የነበረው ቦታ ዳር፣ ዳር የነበረው መሃል ይሆናል። ለብቻው የሚነዳ ሰው ይህን የሚዘነጋው ደክሞት ሳለ፣ ማለዳ ከማደሪያው ሲወጣ ነው። ጓድ ሲሆን ግን ከፊቱ ያለው ጀርባ ያስታውሰዋል።

አስፋልቱን ትቶ ከማርሳቢት ወደ ቱርካና ሐይቅ፣ በማይኮናና በካላቻ ወደ ኖርዝ ሆር የሚጠመዘዝ ሞተረኛ የቻልቢ በረሃን ያገኛል። ቻልቢ የጥንት ሐይቅ ወለል ነው። ሲደርቅ ነጭ የጨው ቅርፊት ያለው፣ እንደ ሜዳ የተደላደለና ለፍጥነት የሚጋብዝ ይመስላል፤ ከቅርፊቱ ሥር እርጥብ ጭቃ ባለበት ቦታ ግን የፊት ጎማው ሰንጥቆ ይገባና ሞተሩን ከነጂው ይገለብጣል። በቦታ በቦታው ደግሞ ልቅ አሸዋ አለ። በአሸዋ ላይ ልምድ ያለው ሞተረኛ መጀመሪያ የሚያደርገው የጎማውን አየር መቀነስ ነው፤ የላላ ጎማ መሬቱን የሚነካበት ስፋት ይጨምራል፣ ክብደቱም ይበተናል። ከዚያ በመርገጫው ላይ ቆሞ፣ ክብደቱን ወደ ኋላ መልሶ፣ ጋዙን ሳያቋርጥ ይነዳል። የፈራ ሰው ግን ተፈጥሮው ተቃራኒውን ያሳስበዋል፤ ይቀመጣል፣ ጋዝ ይለቃል፣ የፊት ፍሬን ይይዛል፣ ይወድቃል። ለረጅም ጉዞ የሚሠሩት ትልልቆቹ ሞተሮች ቤንዚናቸው ሲሞላ ከ250 ኪሎ በላይ ሊመዝኑ ይችላሉ። እንዲህ ያለ ሞተር እግሩ ላይ የወደቀበትና ብቻውን ያለ ሰው በጋለ ጭስ ማውጫ ሥር ተይዞ የሚያልፍ መኪና ይጠብቃል፤ በቻልቢ የሚያልፍ መኪና ደግሞ በየሰዓቱ አይገኝም። ሁለት ሰው ካነሳለት ግን ነገሩ በአንድ ደቂቃ የሚረሳ ውድቀት ይሆናል። የአደጋውን መጠን የወሰነው የአሸዋው ክፋት ሳይሆን ከኋላ የሚመጣ ሰው መኖር አለመኖሩ ነው።

ሙቀቱም እንዲሁ ነው። የአየሩ ሙቀት ከሰው ቆዳ ሙቀት፣ ማለትም ከ35 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ፣ በግልቢያ የሚገኘው ነፋስ በራሱ ማቀዝቀዙን ያቆምና ሙቀት ወደ ሰውነት ይጨምራል። ያን ጊዜ የሚያቀዘቅዘው ላብ ብቻ ነው። እጀ ጉርድ ለብሶ የሚነዳ ሰው ላቡ ቆዳው ላይ ሳይቆይ ይተናል፣ ውሃውንም በፍጥነት ይጨርሳል። የበረሃ ሰዎች ከራስ እስከ እግር የሚሸፋፈኑበትን ምክንያት ሞተረኛው የሚያውቀው ያኔ ነው። በከባድ ሙቀት አንድ ሰው በሰዓት አንድ ሊትር ያህል ሊያልበው ይችላል። አሳሳቢው ነገር ግን የውሃው መጠን ብቻ አይደለም። ውሃ የጎደለውና የጋለ ሰው አስቀድሞ የሚያጣው ማመዛዘኑን ነው፤ ማመዛዘኑን ያጣ ሰው ደግሞ ማጣቱን ራሱ አያውቅም። «ደህና ነኝ፣ እንቀጥል» ይላል። ስለዚህ የበረሃ ጓድ በየማረፊያው ሞተረኛውን ስለራሱ መጠየቁ አይበቃውም። ጥንድ ጥንድ ተመድበው እያንዳንዱ የጓደኛውን ፊት ያያል፣ ስንት ጊዜ እንደጠጣ ይቆጥራል፣ ንግግሩ ተቆራርጦ እንደሆነ ያዳምጣል። ለኔ በዚህ ርዕስ ውስጥ ካሉት ማስረጃዎች ሁሉ ጠንካራው ይህ ነው፤ ጀግንነትና የግል ችሎታ የማይተኩት፣ በሌላ ሰው ዓይን ብቻ የሚሞላ ክፍተት መኖሩን ያሳያልና።

ከዚያ ነፋሱ አለ። በኢትዮጵያ ደጋዎችና በኬንያ ደጋዎች መካከል ያለው ዝቅተኛ ምድር እንደ በር ሆኖ ከደቡብ ምሥራቅ የሚመጣውን ነፋስ ያጠብበዋል፤ ያ ነፋስ ወደ ቱርካና ሲደርስ በዓለም ላይ ከታወቁት ጠንካራና የማያቋርጡ ነፋሶች አንዱ ሆኗል። በሎይያንጋላኒ አካባቢ 365 ተርባይኖች ያሉትና 310 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የነፋስ ኃይል ጣቢያ የተተከለው በዚሁ ምክንያት ነው። ለሞተረኛ ትርጉሙ ሌላ ነው። ሰዓታት ሙሉ ሞተሩን ወደ ነፋሱ አዘንብሎ ይነዳል፤ ከፊቱ የጭነት መኪና መጥቶ ነፋሱን በድንገት ሲጋርድለት ያዘነበለው ሞተር ወደ መኪናው ይስበዋል፣ መኪናው ሲያልፍ ደግሞ ነፋሱ ተመልሶ ይገፈትረዋል። የጓዱ መሪ ይህን ከሁሉ ቀድሞ ይቀምሰዋልና በእጁ ምልክት ወደ ኋላ ያስተላልፋል። ምልክቱን እያንዳንዱ ለተከታዩ ይደግማል፤ ለጉድጓድ፣ ለእንስሳ፣ ለአሸዋ፣ ለመቆም የየራሱ ምልክት አለው። በአስፋልት ላይ በአንድ መስመር ባሉት ሁለት ሞተሮች መካከል ቢያንስ የሁለት ሰከንድ ርቀት ይጠበቃል፤ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲነዳ ይህ 44 ሜትር ያህል ነው። አቧራ ሲመጣ ግን ተሰባጥሮ መሰለፍ ይቀራል፣ ርቀቱም አቧራው እስኪሰክን ድረስ ይሰፋል። ያኔ ጓዱን የሚያያይዘው አንድ ደንብ ነው፦ ከመንገድ መገንጠያ ላይ የደረሰ ሰው ተከታዩን በዓይኑ ሳያይ አይታጠፍም። ቤንዚን የሚሰላው በትንሹ ታንከር ነው። ፍጥነት የሚሰላው በደካማው ሞተረኛ ነው። እዚህ ላይ «አብሮ መንዳት እኮ ለፉክክር ያነሳሳል፣ የሰነፉን ሞተረኛ እልክ ውስጥ ይከታል» የሚል ክርክር ይነሳል። እውነት ነው፤ ሕግ የሌለው ሰልፍ ወደ እሽቅድምድም ይቀየራል፣ አንዱ ሲወድቅም ሦስቱ ይደረቡበታል። ይህ ግን ክርክሬን ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። ጠቃሚው የሰዎቹ መብዛት አይደለም፤ ፈጣኑ ለዝግተኛው ግዴታ ያለበት መሆኑ ነው።

ለብቻው ዓለምን የዞረ ሰው መኖሩንም የሚያነሱ አሉ። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ቴድ ሳይመን እ.ኤ.አ. በ1973 በትራያምፍ ሞተሩ ተነስቶ አራት ዓመት ተጉዟል፤ የሱዳንን በረሃ፣ ኢትዮጵያንና ኬንያን ብቻውን አልፏል። ጉዞውን የጻፈበትን መጽሐፍ ላነበበ ግን «ብቻውን» የሚለው ቃል የሚይዘው የሞተሩን ኮርቻ ብቻ ነው። ያበሉት፣ ያሳደሩት፣ የጠገኑለት፣ መንገድ ያሳዩት በየአገሩ ያገኛቸው ሰዎች ናቸው። ጓዱን ይዞ አልሄደም፤ በየደረሰበት አገኘው። ይህ ዕድል የሁሉ ሰው አይደለም፤ በዕድል ላይ የቆመ ደኅንነት ደግሞ ለከተማ መመሪያ አይሆንም።

ወደ ካምፓላ እንመለስ። ቦዳ ቦዳ ወይም ቦዳ የሚባለው ተሳፋሪ የሚጭን ሞተር የተጀመረው በ1960ዎቹ ገደማ (እ.ኤ.አ.) በዑጋንዳና በኬንያ ድንበር፣ በቡሲያና በማላባ አካባቢ በብስክሌት ነበር፤ ዛሬ የካምፓላ ደም ሥር ሆኗል። ከተማዋ በኮረብታ ላይ የተዘረጋች፣ መንገዶቿ ጠባብ፣ ሚኒባሶቿ በመጨናነቅ የተያዙ ናት። እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረው የትልልቅ አውቶቡሶች አገልግሎት ሁለት ዓመት እንኳ አልዘለቀም። በካባላጋላና በካንሳንጋ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ሳይቀሩ ወደ ሥራ፣ ወደ ክሊኒክ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱት በአብዛኛው በቦዳ ነው። ዋጋው ግን ከባድ ነው። የዑጋንዳ ፖሊስ እ.ኤ.አ. በ2024 በመላ አገሪቱ 5,144 ሰዎች በመንገድ አደጋ መሞታቸውን አስታውቋል፤ ከእነዚህ ውስጥ ሞተረኞችና ተሳፋሪዎቻቸው ከፍተኛውን ድርሻ ከሚይዙት ናቸው። ሄልሜትን ግዴታ ያደረገ ደንብ ከ2004 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አለ። ሄልሜት የሞትን አደጋ በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ ብዙ ጥናቶችን ያገናዘበ የታወቀ ግምገማ አረጋግጧል። ሕጉም እውቀቱም ካሉ የጎደለው ምንድን ነው? ፖሊስ በየመታጠፊያው ሊቆም አይችልም። በመታጠፊያው ላይ ሁልጊዜ የሚቆሙት ሌሎች ሞተረኞች ናቸው።

የካምፓላ ቦዳ ሾፌር ከሜዳ አይነሳም። «ስቴጅ» የሚሉት ቦታ አለው፤ ከዋንዴገያ መብራት አጠገብ፣ ከገበያ በር፣ ከሆስፒታል አጥር ሥር። ስቴጁ ሊቀመንበር፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው። አዲስ ሾፌር መግቢያ ይከፍላል፣ ነባሮቹ ያውቁታል ወይ ተብሎ ይጠየቃል። አንዱ ሲታመም ወይም ሲሞት መዋጮ ይወጣል። አንባቢያችን ይህን ሲሰማ እድርን ያስባል፤ አልተሳሳተም። ችግሩም እዚያው ላይ ነው። ስቴጁ ለቀብር ያዋጣል፣ ሰውዬው ግን ጠዋት ሄልሜት ሳያደርግ ሲወጣ አይከለክለውም። ግዴታው የሚጀምረው ከአደጋው በኋላ ነው። የበረሃው ጓድ ያንኑ ግዴታ ከአደጋው በፊት ያስቀምጠዋል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ይኸው ነው እንጂ ሌላ ጥልቅ ምሥጢር የለውም። የሰው ትስስሩ በካምፓላ ተሠርቶ አልቋል፤ ሰዓቱን ወደ ፊት ማምጣት ነው የቀረው።

ሾፌሮቹ ሥርዓት አይቀበሉም የሚለው አባባል በተግባር ተፈትኖ ወድቋል። እ.ኤ.አ. በ2014 ቦዳን በስልክ መተግበሪያ የሚያስጠራው ሴፍቦዳ የተባለ ኩባንያ ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዱ ሪኪ ራፓ ቶምሰን ራሱ የቦዳ ሾፌር የነበረ ሰው ነው። ኩባንያው ሾፌሮቹን አሠለጠነ፣ ለሾፌርም ለተሳፋሪም ሄልሜት ሰጠ፣ ብርቱካናማ መለያ አለበሰ፤ ሾፌሮቹም ተቀበሉት፣ ተሳፋሪውም መረጠው። ሆኖም የኩባንያ ደንብ ወሰን አለው። ሾፌሩን የሚያስረው ከስልኩ ጋር እንጂ ከጎኑ ከቆመው ሾፌር ጋር አይደለም። ስልኩን ዘግቶ ከመንገድ ዳር ተሳፋሪ ሲያነሳ ተቆጣጣሪ የለውም። በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ፣ ከመጋቢት እስከ ሐምሌ 2020 (እ.ኤ.አ.) ቦዳዎች ሰው እንዳይጭኑ ሲከለከሉ፣ የመተግበሪያው የተሳፋሪ ጥሪ ቆመ፤ ስቴጁ ግን የሰዎች ስብስብ በመሆኑ ባለበት ቆየ።

ከባዱ ተቃውሞ የኑሮው ነው። የክለብ ሞተረኛ በትርፍ ጊዜውና በትርፍ ገንዘቡ ይነዳል፤ ቀስ ቢል የሚጎድልበት የለም። የቦዳ ሾፌር ግን ብዙውን ጊዜ ሞተሩን የገዛው እንደ ቱጌንዴ ካሉ ድርጅቶች በየሳምንቱ በሚከፈል ዱቤ ነው፤ ወይም ለባለቤቱ በየቀኑ ገቢ ያደርጋል። ለእሱ ዝግታ ዕዳ ነው። ይህን ተቃውሞ በቀላሉ ማለፍ አይገባም፤ ሥርዓትን ለድሃ መስበክ ከባለጸጋ አፍ ሲወጣ ያስነውራል። ነገር ግን ተቃውሞው የሚያረጋግጠው ግለሰቡ ብቻውን ፍጥነቱን መቀነስ እንደማይችል ነው፤ እሱ ቀስ ሲል ተሳፋሪውን ሌላው ይወስድበታል። ስቴጁ በሙሉ በተራ ቢጭን፣ ሁለተኛ ተሳፋሪ ማንም እንዳይደርብ ቢስማማ፣ አንዱ በመጠንቀቁ የሚያጣው ነገር አይኖርም። በአንዳንድ ስቴጆች ተራ መጠበቅ አሁንም አለ። ደካማውን የሚጎዳው ሕግ ሳይሆን እሱ ብቻ የሚያከብረው ሕግ ነው።

ሁለተኛው ስጋት ማኅበር ወደ ጉልበተኝነት መለወጡ ነው፤ ካምፓላ ይህን በዓይኗ አይታለች። «ቦዳ ቦዳ 2010» የተባለው ማኅበር ሾፌሮችን በማስፈራራትና በመደብደብ ሲከሰስ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2018 መሪው ታሠሩ፣ ማኅበሩም ፈረሰ። ከዚህ የምወስደው ትምህርት የስብስብን ክፋት አይደለም። ያ ማኅበር ከተማን በሙሉ ሊገዛ የተነሳ፣ አባሉን በስሙ የማያውቅ አካል ነበር። የበረሃ ጓድ መሪ ሥልጣኑ የሚያበቃው ጉዞው ሲያልቅ ነው፤ የሚመራቸውም ሁሉ ፊቱን ያውቃሉ፣ ነገ ሌላው ይመራል። ስለዚህ ከተማው ግዴታና መብት መስጠት ያለበት ለትንሿ ስቴጅ እንጂ ስቴጆችን ጠቅልሎ ለሚይዝ ኃይል መሆን የለበትም።

አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ፣ በምክትል ከንቲባ ታከለ ኡማ ዘመን፣ ልዩ ፈቃድ ካላቸው በቀር ሞተር ሳይክሎችን ከጎዳናዋ አገደች፤ ምክንያቱም በሞተር የሚፈጸም ቅሚያና ወንጀል ነበር። እገዳው ሥጋቱ እውነተኛ ስለነበር ብዙ ነዋሪ ደግፎታል። የካምፓላ አስተዳደርም ቦዳን ከንግዱ ማዕከል ለማስወጣት በተደጋጋሚ አቅዶ በተደጋጋሚ አዘግይቷል። ሁለቱን ከተሞች ሳወዳድር የማየው እገዳ የሚሠራው ሌላ ማጓጓዣ ባለበትና ሞተረኛው ጥቂት በሆነበት መሆኑን ነው፤ ካምፓላ ሁለቱም የላትም። ወንጀለኛውም ሆነ ፈጥኖ ነጂው ተሸሽጎ የሚቆየው ማንም ለማንም ኃላፊ ባልሆነበት ሰልፍ ውስጥ ነው። ልዩ ፈቃዱ እንኳ የሚጠቅመው ባለፈቃዱን የሚያውቅና ስለእሱ የሚጠየቅ ስብስብ ሲኖር ነው።

በተግባር ሊደረግ የሚችለው ይህ ነው። የካምፓላ አስተዳደር የመቆሚያ ቦታን ለስቴጁ በስሙ ይመዝግብ፤ በምትኩ ስቴጁ ለእያንዳንዱ ሞተር ሁለት ሄልሜት መኖሩን በየማለዳው ያረጋግጥ፣ አዲስ ገቢን ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከነባር ሾፌር ጋር ያጣምር። አባሉ ያለ ሄልሜት ተሳፋሪ ጭኖ ከተያዘ ስቴጁ በሙሉ ግማሽ ቀን ሥራ ያቁም። ያላጠፋ ሰው ለምን ይቀጣል የሚል ይኖራል። የግማሽ ቀን ገቢ ለቦዳ ሾፌር ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ቅጣቱ ከዚያ እንዳይበልጥ የምለውም ለዚህ ነው። ነገር ግን በማርሳቢት መንገድ አንዱ ቤንዚን ሲጨርስ አሥሩም በፀሐይ ይቆማሉ፤ በማግስቱ ከመነሳታቸው በፊት የዚያን ሰው ታንከር የሚከፍተውና የሚያየው መሪው ብቻ አይደለም፣ አሥሩም ናቸው።